ቋንጃ እያለ «የታፋ ጡንቻ»

በስፖርት ዘገባም ሆነ በሕክምና ማብራሪያ ሃምስትሪንግ የሚባሉት ጡንቻዎች አዘውትረው «የታፋ ጡንቻ» ተብለው ይተረጐማሉ። ስያሜው ለጆሮ የማይከብድ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን አይለይም። ታፋ ፊትም ኋላም አለው። ከፊት ያለው ባለአራት ራስ ጡንቻ ጉልበትን ይዘረጋል፤ ከኋላ ያሉት ሦስቱ ጉልበትን ያጥፋሉ። ተግባራቸው ተቃራኒ የሆነ አካላት በአንድ ስም ከተጠሩ፣ «የታፋ ጡንቻህን አሳርፍ» የተባለ ሕመምተኛ የትኛውን ወገን እንደሚያሳርፍ በምን ያውቃል?

ሕዝቡ ግን ቃል አለው። ጉልበቱን አጥፎ የተቀመጠ ሰው እጁን ወደ ጉልበቱ ጀርባ ቢሰድ፣ በውስጥና በውጭ በኩል የተወጠሩ ጅማቶች ይዳስሳል፤ ቋንጃ እነዚህ ናቸው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በኢያሱ ምዕራፍ 11፣ የፈረሶቹ መሰናከል የተነገረው በዚሁ ቃል ነው።

«ቋንጃ የጅማት ስም እንጂ የጡንቻ ስም አይደለም» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ ተገቢ ነው። ሆኖም የእንግሊዝኛው ቃልም መነሻው ያው ነው፤ «ሃም» ቀድሞ የጉልበት ጀርባ፣ «ስትሪንግ» ጅማቱ ነበር፤ ስሙ ወደ ጡንቻው የወጣው ኋላ ነው። እኛም «የቋንጃ ጡንቻ» ብንል የሚያግደን የለም።

ይበልጥ የሚያስቸግረው ባይሴፕስ ፊሞሪስ ነው። «ባለሁለት ራስ የጭን ጡንቻ» የሚለው ቃል በቃል ትክክል ነው፤ ግን ሁለቱ ራሶች እኩዮች አስመስሎ ያቀርባቸዋል። ረጅሙ ራስ ከመቀመጫ ዐጥንት ተነሥቶ ዳሌንም ጉልበትንም ስለሚሻገር ጭንን ወደ ኋላ ይስባል፤ ጉልበትንም ያጥፋል። አጭሩ የሚነሣው ከጭን ዐጥንት ጀርባ በመሆኑ በዳሌ ላይ ሥራ የለውም። የሚያዝዟቸው የነርቭ ቅርንጫፎች እንኳ የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ የቋንጃን ጡንቻዎች «ከመቀመጫ ዐጥንት የሚነሡ» ብሎ የሚፈታ መዝገበ ቃላት አጭሩን ራስ ሳያስበው ከቤት ያስወጣዋል። ጡንቻው የሚያርፈው በቀጭኑ የቅልጥም ዐጥንት ራስ ላይ፣ በጉልበት ውጫዊ ጎን ስለሆነ፣ እኔ «የውጭ ቋንጃ ጡንቻ» የሚለውን እመርጣለሁ፤ የሁለቱ ራሶች ነገር በፍቺው ይገለጽ።

የውስጦቹን ሁለቱን «ከፊል ጅማታማ» እና «ከፊል ሽፋናማ» ማለት ለጊዜው ያገለግላል፤ ሁለተኛው ግን አላማረኝም። «ጅማት» ራሱም ጡንቻን ከዐጥንት፣ ዐጥንትንም ከዐጥንት የሚያያይዘውን በአንድነት ስለሚጠራ፣ በፍቺው ውስጥ «የጡንቻ ጅማት» ተብሎ ተለይቶ ቢጻፍ ይሻላል።