«መንገድ ሥልጣኔ ነው» ስለሚባለው አነጋገር

ወጣቶች አንባቢዎቼ ሆይ፤ «መንገድ ሥልጣኔ ነው» የሚለውን ቃል ሳትሰሙ አላደጋችሁም። እኔም በመምህርነቴ ዘመን የተማሪዎችን ድርሰት ሳርም ይህ ዐረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳጋጠመኝ ቁጥሩን አላውቀውም። ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው ከድርሰቱ መጨረሻ ላይ ነው፤ ጸሐፊው ሐሳብ ያለቀበት ስፍራ ማለት ነው። እኔን በሚስዮን ትምህርት ቤት ያስተማሩኝ ሰዎች ግን እንዲህ ያለውን ያማረ ቃል ከመቀበላችን በፊት «ለማን?» ብለን እንድንጠይቅ ያስገድዱን ነበር። ዛሬ ይህንኑ ጥያቄ ለመንገድ ላቅርበው።

በአገራችን ታሪክ ጎዳና በማሠራት ስማቸው ከሚነሣው ነገሥታት አንዱ ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን ከባድ መድፍ ከደብረ ታቦር አካባቢ ወደ መቅደላ ለማድረስ ገደሉን አስደልድለው፣ ቋጥኙን አስፈንቅለው መንገድ አስጠረጉ፤ ራሳቸውም ድንጋይ እያነሡ ከሠራተኛው ጋር ይደክሙ ነበር። ትጋታቸው የሚደነቅ ነው። ነገር ግን ያ መንገድ የተሠራው ለመድፍ እንጂ ለገበሬ እህል አልነበረም። ኢጣልያኖችም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆዩበት ዘመን የጣርማበርን ተራራ ሲፈለፍሉ የሚያስቡት ስለ ሠራዊታቸው መኪና ነበር። ይሁን እንጂ መንገድ ጌታውን የሚክድ አገልጋይ ነውና፣ ወራሪው በወጣ ጊዜ ዋሻው ለነጋዴው ቀረ።

በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት የዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ። የሲራራ ነጋዴ በበቅሎና በአህያ ሳምንታት የሚፈጅበትን ጭነት፣ የጭነት መኪና በጥቂት ቀን ማድረስ ጀመረ። በየጎዳናው ዳር ሻይ ቤት፣ ወፍጮ፣ ጎሚስታ፣ ትምህርት ቤት በቀለ። ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ ቀኑን ሙሉ የሄደ ሰው ካለ፣ መንገድ ምን እንደ ሆነ ከእኔ ይልቅ እርሱ ይንገራችሁ። ይህን ጥቅም የሚክድ ሰው ዓይኑን የጨፈነ ነው።

አሁን ግን የጭላሎን ነገር ተመልከቱ። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን ርዳታ በአሰላ ሥራ የጀመረው ካዱ የተባለው የእርሻ ልማት ድርጅት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ለትንሹ ገበሬ ሊያደርስ፣ መጋቢ መንገድም ሊያወጣ ተነሣ። አሳቡ ቅን ነበር። ስንዴው በብዛት ተመርቶ በመኪና ገበያ መድረስ በቻለ ጊዜ ግን መሬቱ ተወደደ። መሬቱ በተወደደ ጊዜ ባለርስቱ «ለምን እኩሌታውን ብቻ እቀበላለሁ?» አለና ጭሰኛውን አስነሥቶ ትራክተር አስገባ። በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ካረሰው መሬት ተነቀለ፤ የተሻለው መንገድም ከቀዬው መውጫ ሆነው። በእርግጥ መንገዱ ክፋቱን አልፈጠረውም፤ ሥሩ የጭሰኝነት ሥርዓት ነበር፤ ያም በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቀረ። መንገድ የሚያደርገው በአንድ ስፍራ ያለውን ነገር፣ በጎም ይሁን ክፉ፣ ማፋጠን ነው። ፍርድ ባለበት ስፍራ ሀብትን ያፋጥናል፤ ፍርድ በጎደለበት ስፍራ ነጠቃን ያፋጥናል።

በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር የአገሪቱ መንገድ 26,550 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ሃያ ዓመት ሳይሞላ ከ100,000 ኪሎ ሜትር አለፈ። ትልቅ ሥራ ነው። ነቀፌታዬ በኪሎ ሜትር ብቻ በሚቈጥሩት ላይ ነው። ወደ አንድ ወረዳ አዲስ መንገድ ገብቶ የሚመጣው መኪና አንድ፣ ደላላውም አንድ ከሆነ፣ የጭነቱ ወጪ መቀነሱን ገበሬው በምን ያውቀዋል? ትርፉ በአንዱ ሰው ኪስ ያድራል። ብዙ መኪና ሲመጣና እርስ በርሱ ሲሻማ ግን የእህሉ ዋጋ በደጁ ከፍ ይላል። ስለዚህ ከአስፋልቱ ሌላ ብድር፣ ጎተራ፣ ትክክለኛ ሚዛን ያስፈልጋል። እነዚህ ግን ሪባን አይቈረጥላቸውም።

ደግሞስ መንገዱ የሚያወጣው ምንድን ነው? ከመተሐራ እስከ አዋሽ ባለው ጎዳና ዳር የከሰል ጆንያ ተደርድሮ ያላየ መንገደኛ ጥቂት ነው፤ ያ ሁሉ ዛፍ ነበር። በሐረርጌ ብዙ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት ተክሏል፤ ቅጠሉ ሳይጠወልግ ገበያ የሚደርሰው በፈጣን መኪና ነውና። ገበሬውን አልወቅሰውም፤ የሚከፍለውን ተከለ። እነዚያ እየከነፉ የሚሄዱት አይሱዙዎች ባደረሱት አደጋ ብዛት ሕዝቡ «አልቃይዳ» የሚል ስም አውጥቶላቸዋል። ቀልድ ነው፤ የሞተበት ሰው ግን አይሥቅበትም።

በመጨረሻ በ2007 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረውን የአዲስ አበባና የአዳማ የክፍያ መንገድ ላንሣ። 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው፣ ባለ ስድስት መስመር፣ በአጥር የተከበበ ነው። መኪና ይፈጥንበታል፤ ጉዞውም ከአሮጌው ይልቅ ያርፋል። አሮጌው ጎዳና በዱከም፣ በቢሾፍቱና በሞጆ መካከል ያልፍ ስለ ነበረ፣ መንገደኛው በግድ ይቆም ነበር። ዱከም በቁርጥ ሥጋዋ ዝና ያገኘችው ከዚህ የተነሣ ነው። አዲሱ ጎዳና ግን ከተሞቹን በጎን ትቷቸው ያልፋል፤ በቆሎ የምትጠብስ ሴትም በዳሩ ልትቀመጥ አትችልም። ለፍጥነትና ለደኅንነት ይህ ግድ ሊሆን ይችላል። ሆኖም የእርሻ ማሳው በወዲያ፣ ቤቱ በወዲህ የቀረ ገበሬ አለ። ለእርሱ ከጎዳናው በታች ማሳለፊያ ተሠርቶለታል፤ ከአንዱ ማሳለፊያ እስከ ሌላው ከብት የሚነዳ ልጅ ምን ያህል እንደሚዞር ግን በምረቃ ንግግር ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።