የአረጋውያን የወገብ ሕመምና አዲሱ መመሪያ፤ ከአዳይቱ ሲመዘን

የዓለም ጤና ድርጅት ሥር ስለ ሰደደ የወገብ ሕመም በኅዳር 2016 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያ አረጋውያንንም ይመለከታል። የሰውነት ማጠንከሪያ እንቅስቃሴንና የሥነ ልቡና ሕክምናን መደገፉን፣ የወገብ መታጠቂያን አለመምከሩን እንቀበላለን። ሕመምተኛው «ጎንበስ ብል ወገቤ ይቆረጣል» ብሎ ይሠጋል፤ ሥጋቱ ያስተኛዋል፤ መተኛቱ ጡንቻውን ያደክማል፤ ሕመሙም ይብሳል። ስለዚህ ፍርሃቱን ሳይነኩ እንቅስቃሴ ብቻ ማዘዝ ግማሽ ሥራ ነው።

በ2015 ዓ.ም. የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ሁለቱን አጣምሮ በ492 ሕሙማን ላይ ፈትኖ፣ ጥቅሙ እስከ አንድ ዓመት መዝለቁን አሳይቷል። የሕሙማኑ አማካይ ዕድሜ ግን 47 ገደማ ነበር። የ70 ዓመት ሰው ጉልበት በዚህ አይለካም።

በአዋሽ ሸለቆ ወደምትገኘው አዳይቱ እንምጣ። የአፋር አሮጊት ዕድሜዋን ሙሉ አሪ የሚባለውን የሰሌን ቤት ስትተክልና ስትነቅል፣ ውሃ ስትሸከም ኖራለች። እርሷን «ተንቀሳቀሺ» ማለት ምን ይባላል? የሚያሻት ሸክሙን የሚያቃልልላት፣ ጉልበቷንም በልክ የሚያጠነክርላት ምክር ነው። በቀትር ተራመዱ የሚል ሐኪም ደግሞ የአዳይቱን ሙቀት አያውቅም።

የሥነ ልቡናው ሕክምና ይብሳል፤ ፍርሃት በአስተርጓሚ በኩል በደንብ አይወጣም። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው ዳጉ የሚለዋወጡ፣ መጠየቅንና ማዳመጥን ያደጉበት ሕዝብ ናቸው። ዳጉ መድኃኒት ነው አላልንም። ነገር ግን አፋርኛ ተናጋሪውን የጤና ባለሙያ አሠልጥኖ፣ ሽማግሌው ምን እንደሚፈራ በቋንቋው ማስጠየቅ ከመመሪያው ትርጉም በፊት የሚመጣ ሥራ ይመስለናል።