የጂን ስም በመልክ ብቻ አይሰጥም

ዛሬ አንድ ተማሪ የፍራፍሬ ዝንብን ጂኖም በኮምፒዩተር ሲመረምር ውሎ፣ ማታውኑ «አዲስ የፕሮቲን ኪናዝ ጂን አገኘሁ» ብሎ ለመጻፍ ይችላል። የዝንቧ ጂኖም እ.ኤ.አ. በ2000 ከታተመ ወዲህ ይህ ዓይነቱ ጥናት ቀሏል። ድካሙን እናከብራለን፤ «አገኘሁ» የሚለውን ቃል ግን እንነቅፋለን።

ኪናዝ ማለት ከኤ.ቲ.ፒ. ፎስፌት ወስዶ በሌላ ሞለኪውል ላይ፣ የፕሮቲን ኪናዝ ከሆነም በፕሮቲን ላይ፣ የሚያኖር ኤንዛይም ነው። እንግዲህ ስሙ የሥራ ስም እንጂ የመልክ ስም አይደለም። የአሚኖ አሲዶቹ ተራ ከታወቁት ኪናዞች ጋር መመሳሰሉ ዝምድናን ያመለክታል፤ ሥራን ግን አያረጋግጥም።

ሰቨንለስ የተባለውን ጂን እንመልከት። በዝንቧ ዓይን እያንዳንዱ ክፍል ስምንት ብርሃን ተቀባይ ሴሎች ሲኖሩት፣ ይህ ጂን ሲበላሽ ሰባተኛው ይጎድላል። እ.ኤ.አ. በ1987 ጂኑ ሲነበብ ታይሮሲን ኪናዞችን መምሰሉ ታወቀ። ሊቃውንቱ ግን በዚህ አላበቁም። እ.ኤ.አ. በ1988 ባስለርና ሐፈን ለኪናዝ ሥራ አስፈላጊ የሆነውን አንድ ላይሲን በሜቲዮኒን ለወጡት፤ የተለወጠውም ጂን ሰባተኛውን ሴል ሊመልስ አልቻለም። ማስረጃ ማለት ይህ ነው።

መልክ በሁለት በኩል ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ2002 ከተቆጠሩት 518 የሰው ኪናዝ ጂኖች መካከል ወደ 50 የሚሆኑት ለሥራው ከሚያስፈልጉት አሚኖ አሲዶች ቢያንስ አንዱ ይጎድላቸዋል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2000 የተገለጠው ደብሊው.ኤን.ኬ. የተባለው ኪናዝ ላይሲኑ በተለመደው ቦታ ባይገኝም ሥራውን ይሠራል፤ በዝንቧም ውስጥ ዘመድ አለው። በመልክ ብቻ የፈረደ ሰው የመጀመሪያዎቹን ያለ ማስረጃ ሠራተኛ ሲል፣ ሁለተኛውን ሥራ ፈት ባለው ነበር።

«ቤተ ሙከራ የሌለው ተማሪ ምን ያድርግ?» የሚለን ይኖራል። መልሳችን አጭር ነው፤ «ኪናዝ መሳይ» ብሎ ይጻፍ፣ የትኞቹን አሚኖ አሲዶች እንደ መረመረ ይግለጽ፣ ግምቱን ሊያፈርስ የሚችለውንም ሙከራ ያመልክት። በስሕተት የተሰጠ ስም ከመዝገብ ወደ መዝገብ እየተገለበጠ የኋለኛውን ተመራማሪ ያስታል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የጂንን የሥራ ስም ግን ሊያወጣ የሚገባው ሙከራ ነው።