ካቦ የሚያስተካክሉ እጆች

ጄት ጀልባ ከሆዷ በታች ፕሮፔለር የላትም። ሞተሯ ውሃውን ከሥር ስቦ በኋላዋ ባለው ኖዝል በኃይል ይተፋዋል፤ መሪው ሲዞር ከእሱ ጋር የተያያዘው ካቦ፣ ማለትም የመቆጣጠሪያ ገመድ፣ ኖዝሉን ያዞረዋል፣ ጀልባዋም ትታጠፋለች። ኒውዚላንዳዊው ቢል ሃሚልተን በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ያዳበራት ጥልቀት በሌላቸው የአገሩ ወንዞች ላይ እንድትሄድ ነበር። በ1960 ጀልባዎቹ የኮሎራዶን ወንዝ በግራንድ ካንየን በኩል ሽቅብ ወጡት።

ከፈጣሪው ጋር ግን አንድ ሌላ ባለሙያም ምስጋና ይገባዋል፦ ካቦዎቿን የሚያስተካክለው መካኒክ።

መሪውን መሃል ላይ አድርጎ ወደ ኋላ ይሄድና ኖዝሉ ቀጥ ማለቱን ያያል። ካዘነበለ መቆለፊያውን ዳዶ ያላላል፣ የካቦውን ጫፍ በጥቂቱ ያዞራል፣ መልሶ ያጠብቃል። ከዚያ መሪውን ግራና ቀኝ እስከ ጥግ ይወስደዋል፤ ኖዝሉ በሁለቱም ወገን እኩል መታጠፍ አለበት። የነዳጁም ካቦ እንዲሁ ነው፦ ሲለቀቅ ሞተሩ በሚኒሞ መርጋት፣ እስከ መጨረሻ ሲሰጥ ደግሞ ሙሉ በሙሉ መከፈት ይኖርበታል።

ይህ ጥንቃቄ የሰው ሕይወት ይጠብቃል። ጄት ጀልባ የምትታዘዘው ውሃ እየተፋች ሳለ ነው፤ ነዳጁ ድንገት ከተቋረጠ መሪው ቢዞርም እሺ አትልም። በኒውዚላንዷ ከተማ በኩዊንስታውን አቅራቢያ፣ በሾትኦቨር ወንዝ ጠባብ ሸለቆ፣ ቱሪስት የጫኑ ጀልባዎች የቋጥኙን ግድግዳ ታክከው ይከንፋሉ። እዚያ የላላ መሪ ወይም የሚይዝ የነዳጅ ካቦ ጀልባዋን ከድንጋይ ጋር ያላትማታል። ተሳፋሪው በደስታ የሚጮኸው ያ መካኒክ ሥራውን በሚገባ ስለሠራ ነው።