ሆዱ የጠፋ ጊታር

«ጋሼ፣ ጊታሬ ሆዱ ጠፋብኝ» አለችኝ ልጅቷ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ማታ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ስለምትጫወት አኮስቲክ ጊታሯን አዝላ በቀጥታ ወደ እኔ መጥታለች። ቤቷ ስትመታው ድምፁ ሙሉ ነው። ሚክሰር ላይ ሲሰካ ግን ይቀጥናል፤ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። ቤዝ ጨምሩልኝ ስትል ሳውንድ ማኑ ይጨምርላታል፤ ያኔ አዳራሹ ያጓራል እንጂ ጊታሩ ሆድ አያገኝም።

«ጊታሩን ልቀይር ወይስ ፒክአፑን?»

«ሁለቱንም አትንኪ። መጀመሪያ ውስጡን እንየው» አልኳት።

በዚህ ሙያ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። መድረክ ላይ ጊታርም ክራርም ተጫውቻለሁ፤ ከመድረኩ ማዶ ሚክሰር ፊትም ቆሜያለሁ። የልጅቷን ስሞታ የማውቀው በራሴ ጣቶች ነው። ወጣት ሳለሁ አንድ ሰርግ ላይ ጊታሬን በቀጥታ ሚክሰሩ ላይ ሰካሁትና ሌሊቱን ሙሉ ከኢኳላይዘሩ ጋር ስታገል አደርኩ። ቤዙን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። የመጣልኝ ግን የጊታሩ ቤዝ ሳይሆን የመስመሩ እምምታ ነበር። ትዝታ ስጫወት ከታች መሬት ሆና ልትይዝልኝ የሚገባት ድምፅ ጭራሽ አትሰማም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ሚክሰሩ ዘንድ ሳይደርስ የቀረውን ድምፅ የትኛውም ቁልፍ አይመልሰውም። ይህ የገባኝ ከዚያ ሌሊት ብዙ ቆይቶ ነው። የገባኝም ሌላ ዕቃ ስለገዛሁ ሳይሆን ጊታሬ ውስጥ ያለው ፒክአፕ ምን ዓይነት እንደሆነ ስላወቅኩ ነው።

በፒክአፑና በሚክሰሩ መካከል የሚገባው ፕሪአምፕ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ድምፅ የሚያጎላ ሳጥን ነው። ማጉላት ሁለተኛ ሥራው ነው። የመጀመሪያ ሥራው መቀበል ነው፤ አቅም የሌለውን ድምፅ ሳይጎትት፣ ሳያስጨንቅ፣ እንደመጣ መቀበል። እኔ ማንኛውንም ፕሪአምፕ የምመዝነው በዚህ ነው። የቁልፎቹ ብዛትና የመብራቶቹ ውበት ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

አብዛኛው የአኮስቲክ ጊታር ፒክአፕ ፒዬዞ ነው። ሳድል ከምንላት፣ ክሮቹ ከሚያርፉባት ነጭ ቁራጭ ሥር ቀጭን ጥብጣብ መሳይ ነገር ይተኛል። ክሮቹ ሲርገበገቡ ይጫኑታል፤ ሲጫኑት የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይሰጣል። ዣክና ፒየር ኩሪ የተባሉት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች ይህን የክሪስታሎች ጠባይ የደረሱበት እ.ኤ.አ. በ1880 ነው። ጊታር ውስጥ በሰፊው የገባው ግን እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው፤ ኦቬሽን የተባለው የጊታር ፋብሪካ መድረክ ላይ ካስለመዱት አንዱ ነው።

ታዲያ ይህ ፒዬዞ ቻርጅ ይሰጣል እንጂ ጉልበት የለውም። እናቶቻችን ውሃ ይቀዱበት የነበረውን እንስራ አስቡት፤ ግን ሥሩ የተነደለ እንስራ። ባንዴ ብትገለብጡበት ቀዳዳው ሳያፈሰው ይሞላል፤ ቀስ ብላችሁ ብታንቆረቁሩበት የገባው ሁሉ እየፈሰሰ ባዶውን ይቀራል። ፒክአፑ እንስራው ነው፤ የተሰካበት መሣሪያ ደግሞ ቀዳዳው። ቀጫጭኖቹ ድምፆች በሰከንድ ሺህ፣ ሁለት ሺህ ጊዜ ስለሚመላለሱ ለመፍሰስ ጊዜ የላቸውም። ወፍራሙ ስድስተኛ ክር ግን በሰከንድ የሚመላለሰው 82 ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዷን ግፊት ሳይጨርስ ቻርጁ ሾልኮ ያልቃል። ሆዱ ጠፍቶ ቆርቆሮው የሚቀረው ለዚህ ነው።

የቀዳዳው ጥበት የሚለካው በኦም ነው፤ የመግቢያ ኢምፒዳንስ ይባላል። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቀዳዳው ይጠባል። ፒክአፑና ኬብሉ አንድ ላይ 1 ናኖፋራድ ገደማ ይይዛሉ እንበል። 10 ኪሎኦም የሆነ የሚክሰር ላይን መግቢያ ላይ ስንሰካው ከ16,000 ሄርዝ ጀምሮ ወደታች ያለው ሁሉ መውረድ ይጀምራል፤ የጊታሩ ድምፅ ደግሞ ሁሉም ማለት ይቻላል ያለው ከዚያ በታች ነው። ወደ 1 ሜጋኦም ስንሄድ ድንበሩ 160 ሄርዝ ላይ ይወርዳል። አሁን ጊታር ጊታር ይሸታል። ሦስቱ ወፍራም ክሮች ግን ባዷቸውን ሲመቱ 82፣ 110 እና 147 ሄርዝ ላይ ስለሆኑ አሁንም ከድንበሩ በታች ናቸው፤ የስድስተኛው ክር መሠረት ሚክሰሩ የሚደርሰው ከግማሽ በታች ሆኖ ነው። 10 ሜጋኦም ላይ ድንበሩ 16 ሄርዝ ይሆናል፤ ያ የሰው ጆሮ ከሚይዘው በታች ነው። ብዙ ጊታረኛ የሚያውቀው የኤል አር ባግስ ፓራ ዲአይ የተባለው ፕሪአምፕ መግቢያው 10 ሜጋኦም የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ፕሪአምፕ ልትገዙ ስትሄዱ፣ ወይም ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ለሚመጣ ዘመድ ስትልኩ፣ ከዋጋውም ከስሙም በፊት ይህን ቁጥር ጠይቁ።

ይሁንና 10 ሜጋኦም የሁሉ መድኃኒት አይደለም። አንዳንዱ ጊታር ከሳድሉ ሥር ሳይሆን ከሆዱ ውስጥ፣ ከብሪጁ በታች ሦስት ክብ ዲስኮች ተለጥፈውበታል፤ ኬ ኤንድ ኬ ፒውር ሚኒ የሚባለው ፒክአፕ እንዲህ ነው። የእነዚህ እንስራ ትልቅ ስለሆነ 1 ሜጋኦም ይበቃቸዋል። ቀዳዳውን ከዚያ በላይ ብታጠቡት የምታገኙት ጊታሩን ስትነኩትና ጣውላውን ስትደግፉት የሚመጣውን ዱብ ዱብታ ነው። በድምፅ ቀዳዳው ላይ የሚገጠመው የማግኔት ፒክአፕ ደግሞ ሌላ ዘር ነው፤ የሽቦ ጥቅል ስለሆነ እንደ ፒዬዞው ጭንቅ የለበትም። ባትሪ ያለው ጊታር ከሆነ ፕሪአምፑ ቀድሞ ውስጡ አለ፤ በላዩ ሌላ መደረብ ገንዘብም ድምፅም ማባከን ነው፤ ለእርሱ ድምፁን ለሚክሰሩ አመቻችቶ የሚያስተላልፍ ጥሩ ዲአይ ቦክስ ይበቃዋል።

የልጅቷን ጊታር ክሮች አላልቼ የስልክ መብራትና ትንሽ መስታወት አስገባሁ። ባትሪ የለም። ዲስክም የለም። ከሳድሉ ሥር የወጣ አንድ ቀጭን ሽቦ ብቻ በቀጥታ ወደ ጃኩ ይሄዳል። ያን ሁሉ ወራት ያስጨነቃት ነገር ይኸው ነበር፤ ጊታሩም ፒክአፑም ጤነኞች ናቸው፤ የሚቀበላቸው ነው የጠፋው።

ለእንዲህ ዓይነቱ ጊታር አንድ ሳጥን ራሴ ሠርቻለሁ። አንድ ፌት ትራንዚስተር፣ ጥቂት ሬዚስተሮች፣ ሁለት ካፓሲተር፣ የ9 ቮልት ባትሪ። ከመግቢያው ላይ 10 ሜጋኦም ሬዚስተር። የመጀመሪያውን የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አስገብቼው ነበርና የመብራቱን 50 ሄርዝ እንደ ሬዲዮ ያነሳ ጀመር። እንዲህ ጠባብ ቀዳዳ ያለው ነገር በአካባቢው ያለውን ሁሉ ይሰማል፤ የብረት ሳጥን ይፈልጋል፤ ሳጥኑም ከመሬት መስመሩ ጋር መገናኘት አለበት። ሁለተኛው ስህተቴ ብየዳውን ሳላጸዳ መዝጋቴ ነበር። በ10 ሜጋኦም ሰፈር የብየዳ ቅባትና የጣት ወዝ ራሳቸው ቀዳዳ ይሆናሉ። በአልኮል ጠርጌ ስዘጋው ጸጥ አለ። ያ ሳጥን ቀለሙ ተላልጦ፣ ጎኑ ተጎድቶ ዛሬም ይሠራል።

ኬብል ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። በኤሌክትሪክ ጊታር ረጅም ኬብል ትሬብሉን ይበላል። በፒዬዞ ጊታር የሚበላው ትሬብሉን ሳይሆን ጠቅላላ ድምፁን ነው፤ ኬብሉ ቻርጁን ከፒክአፑ ጋር ይካፈላል። ተራ ኬብል በሜትር 100 ፒኮፋራድ ገደማ ይይዛል። ፒክአፑ 500 ቢሆንና ኬብሉ 5 ሜትር ቢሆን ድምፁ በእኩሌታ ቀነሰ ማለት ነው። ያንን መልሳችሁ ስታጎሉት ሹክሹክታው አብሮ ይጎላል። ስለዚህ ከጊታሩ እስከ ፕሪአምፑ አጭር ኬብል፤ ፕሪአምፑን ከወንበራችሁ ሥር ወይም ቀበቷችሁ ላይ አድርጉት። ከፕሪአምፑ ወዲያ ያለው ኬብል አዳራሹን ቢዞርም ግድ የለም።

የፕሪአምፑን ገይን፣ ማለትም የማጉያ መጠኑን፣ ስታስተካክሉ በጣት በመነካካት አትለኩት። በፕሌክትረም፣ በዘፈኑ እጅግ በሚግለው ቦታ ላይ እንደምትመቱት አድርጋችሁ ምቱት። ፒዬዞ ሲመታ የሚወረውረው ድምፅ ከሚታሰበው በላይ ስለታም ነው፤ በ9 ቮልት የሚሠራ ፕሪአምፕ ጫፉን ሊቆርጠው ይችላል። ሰዎች «የፒዬዞ ድምፅ» ብለው የሚጠሉት፣ እንደ ዳክዬ የሚለው ነገር፣ ከፊሉ ከዚህ የሚመጣ ነው። ገይኑን ዝቅ አድርጉና የጎደለውን ሚክሰሩ ላይ ጨምሩት። ከዚያም የሚቀረውን ዳክዬ ከ1,500 እስከ 3,000 ሄርዝ ባለው ሰፈር በጥቂቱ በመቀነስ ማለዘብ ይቻላል። በጥቂቱ ነው ያልኩት፤ ቃላት የሚገቡት፣ ጣት የሚታወቀው እዚያው ሰፈር ነውና።

የኖች፣ ማለትም አንዲትን ጠባብ የድምፅ ሰፈር ብቻ የሚቀንስ፣ ቁልፍ ያለው ፕሪአምፕ ካገኛችሁ ጨምራችሁም ቢሆን ግዙት። የጊታር ሆድ የራሱ ድምፅ አለው፤ በትልልቆቹ ጊታሮች 100 ሄርዝ አካባቢ ይገኛል። ማወቅ ከፈለጋችሁ አፋችሁን ወደ ድምፅ ቀዳዳው አስጠግታችሁ ከታች ወደላይ አንጎራጉሩ፤ አንዷ ላይ ስትደርሱ ጊታሩ እቅፋችሁ ውስጥ ይመልስላችኋል። መድረኩ ላይ ያለው ሞኒተር ስፒከር የሚያጓራው በዚያችው ድምፅ ነው። ኖቹን እዚያ ላይ አኑሩት፣ ጠበብ አድርጉት፣ ሌላውን ቤዝ አትንኩት። ቤዙን በሙሉ የሚቀንስ ሰው አንዲት አረም ለመንቀል ማሳውን ያርሳል። የድምፁን ሞገድ የሚገለብጥ የፌዝ ቁልፍም ካለ ገልብጡትና ጓራታው በሚቀንስበት በኩል ተዉት፤ ምንም አያስከፍልም።

መብራትን በተመለከተ አጥብቄ የምለው ነገር አለ። አዳራሽ ውስጥ፣ በተለይ በጄኔሬተር ሲሠራ፣ እምምታ ሲመጣ የሶኬቱን የመሬት መስመር የሚነቅሉ ወይም ሦስተኛውን እግር የሚሰብሩ አሉ። አታድርጉት፣ ሲደረግም አትፍቀዱ። ከንፈሩ ማይክሮፎን ላይ፣ ጣቱ የብረት ክር ላይ ያለ ሰው ሕይወቱ በዚያች እግር ላይ ነው። ዲአይው ላይ ግራውንድ ሊፍት የሚባል ቁልፍ አለ፤ እርሱ የሚያላቅቀው የድምፁን ኬብል የመሬት መስመር ብቻ ነው፤ ለዚሁ የተሠራ ነው። በባትሪ የሚሠራ ፕሪአምፕን የምወደውም ለዚህ ነው፤ መብራት ቢሄድም ቢመጣም እርሱ ከግድግዳው ጋር ጉዳይ የለውም። ብዙዎቹ ጃኩ ሲሰካ ነው የሚበሩት፤ ስለዚህ ስትጨርሱ ጃኩን ነቅላችሁ አስቀምጡ፤ አለበለዚያ ባትሪው በከንቱ ያልቃል።

ስለ ክራር ሁልጊዜ ይጠይቁኛል። ያው የእንስራ ነገር ለክራርም ይሠራል፤ ቆዳ ግን ጣውላ አይደለም፤ ብዙ ይንቀሳቀሳል። ከቆዳው መሃል የተለጠፈ ዲስክ ድምፁን ያሳብጠዋል፤ ጓራታም ይጠራል። ወደ ዳሩ ሲሸሽ ደግሞ ይደርቃል። እኔ ከብርኩማው እግር አጠገብ እጀምርና በጣት ስፋት እያንሸራተትኩ እፈልጋለሁ፤ ሳላገኘው ሙጫ አላወጣም። ያንን ቦታ ያላገኘ ክራር በየትኛውም ፕሪአምፕ አይድንም።

እንደዚሁ በጊታርም ፕሪአምፕ የማያድነው ነገር አለ። አንዱ ክር ጎልቶ ሌላው ከጠፋ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ከሳድሉ ሥር ነው፤ ሥሩ ሜዳ ካልሆነ ፒክአፑን እኩል አይጫነውም። በጋ ላይ እንጨቱ ሲደርቅ ይህ ይብሳል። ለጠፋው ክር ሲባል ከሚገዛ ፕሪአምፕ ይልቅ ብርጭቆ ወረቀት ላይ በጥንቃቄ የተሞረደ ሳድል ይሻላል።

ማታ ምግብ ቤቱ ሄድኩ። ሳጥኔን ከወንበሯ ሥር አድርጌ፣ ባትሪውን አዲስ ቀይሬ፣ ቀኑን ፕላስተር ላይ ጽፌ ለጠፍኩበት። የሚክሰሩን ቁልፎች በሙሉ መሃል ላይ መለስኳቸው። ከኋላ፣ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ሄጄ ቆምኩና ስድስተኛውን ክር ባዶውን ምቺው አልኳት። መታችው። ብርጭቆ የሚያጥቡት ልጆች ቀና አሉ። እርሷ ጊታሩን ትንሽ አየችው፣ ደግማ መታችው።

«ጋሼ» አለችኝ በማይክሮፎኑ፣ «ቤዙ በዛ። ትንሽ ይቀንሱልኝ።»