ጥርስ ያረፈበት እንጨት

በእንጨት ሥራ ሠላሳ ዓመት ያህል ስኖር፣ ምስጥ የበላውን፣ ነቀዝ የፈለፈለውን፣ የክረምት እርጥበት ያጣመመውንና ሰው ተቈጥቶ የሰበረውን ሁሉ እንደየጠባዩ እየለየሁ ማበጀት ለምጃለሁ፤ ቡችላ ያኘከው የወንበር እግር ሲመጣልኝ ግን ምርመራ የማያሻው ተራ ጉዳት መስሎ ይታየኝ ስለ ነበር፣ የተቦጨቀውን በመሮ አስተካክዬ፣ ሰጋቱራ በኮላ ለውሼ ሞልቼ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼና ቫርኒሽ ቀብቼ ዋጋዬን እየተቀበልሁ አሰናብት ነበር። ይህ ልማዴ የተሻረው አንዲት ወይዘሮ ያንኑ የዋንዛ ወንበር በሦስት ወር ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ባስመጡ ዕለት ነው። ወንበሩን ከታክሲው ላይ ሳወርድ፣ «ጋሼ፣ እንግዲህ ወይ ውሻውን ይጠግኑልኝ፣ ወይ ወንበሩን በብረት ይሥሩልኝ» አሉኝ። የእጄ ሥራ እንዲህ ቶሎ ቶሎ መፍረሱ እንደ ነቀፋ ተሰምቶኝ፣ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ልመለከት ቈረጥሁ።

ውሻውን ቡቺ ይሉታል። ለሥራ መጥቶ የነበረ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ የተወላቸው፣ ገና አምስት ወር ያልሞላው የጃክ ራስል ዘር ሲሆን፣ ግንባሩና ጆሮው ቡናማ፣ የቀረው ገላው ነጭ፣ ቁመቱም ከድመት እምብዛም የማይበልጥ ነው። ይህ ዘር ስሙን ያገኘው ከእንግሊዛዊው ቄስ ከጆን ራስል ነው፤ እኒህ ካህን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1819 ዓ.ም. በኦክስፎርድ ተማሪ ሳሉ ትራምፕ የምትባል ትንሽ ሴት ውሻ ከአንድ ወተት ሻጭ ገዝተው፣ ቀበሮን እስከ ጕድጓዱ ድረስ ተከትሎ የሚያስወጣ ዘር ማርባት ጀመሩ። ስብከትና አደን በአንድ ካህን ልብ እንዴት ተስማምተው እንደ ኖሩ የእኔ ጉዳይ አይደለም። ቴሪየር የሚለው የወል ስም ራሱ መሬት ከሚለው የላቲን ቃል የወጣ ነውና፣ በሳሎን ምንጣፍ ላይ ተጠቅልሎ የሚታየው ያ ትንሽ ፍጥረት አፈር ሊቈፍርና ሥር ሊበጥስ የተሰናዳ መንጋጋ ይዞ የተወለደ መሆኑን ሳልዘነጋ ነው ወደ ቤቱ የገባሁት።

ቤቱ በቀድሞው ዘመን አሠራር ወለሉ ጣውላ፣ የግድግዳውም ግርጌ ዙሪያውን በእንጨት የተከፈፈ ነው። ተንበርክኬ ጥርስ ያረፈበትን ሁሉ በጠመኔ ምልክት ሳደርግ ሦስት ዓይነት ጽሕፈት አገኘሁ። በወንበሮቹና በጠረጴዛው እግር ላይ ያለው ጥልቀት የሌለው፣ እንደ ነጥብ የተበተነ ነበር። በመውጫው በር መቃን ላይ ያለው ግን ጥልቅ ሆኖ፣ ከበላዩ እስከ እጀታው ትይዩ የወጣ የጥፍር ጭረት ነበረበት። ሦስተኛው በአንዲት የሳሎን ማዕዘን ብቻ፣ የግርጌው ጣውላ ከወለሉ በሚገናኝበት፣ አንድ ጋት በማይሞላ ስፍራ ላይ ነበር። አንድ አፍ የጻፋቸው ሦስት ነገሮች እንደ ሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ፤ እኔ ሁሉንም በአንድ ስቱኮ ስደፍን ኖሬያለሁ።

የመጀመሪያው የድድ ነገር ነው። ቡችላ 28 የወተት ጥርሶች አሉት፤ እነዚህም ከአራተኛው ወር ገደማ ጀምሮ እየረገፉ እስከ ሰባተኛው ወር ድረስ በ42 ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ። በእነዚያ ወራት ድዱ ስለሚቈጠቍጠው የሚጫንበትን ነገር ይሻል፤ የወንበር እግርም በአፉ ልክ የቆመ፣ የማይሸሽና የማይቈጣ ወዳጅ ይሆንለታል። ምትክ ሳይሰጡ ይህን መከልከል ግፍ ነው። የታጠበ አሮጌ ጨርቅ አርጥቦና ጠምዝዞ በበረዶ ቤት አቆይቶ መስጠት፣ ቀዝቃዛ ካሮት፣ ሊውጠው የማይችለው መጠን ያለው የጎማ መጫወቻ ይበቃል። የአገራችን ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ከወጥ የወጣ አጥንት ነው፤ የተቀቀለ አጥንት ግን እንደ ደረቀ ሸንበቆ እየተሰነጠቀ ጕሮሮና አንጀት ይወጋል። ቀንድም ቢሆን ጥርስ ይሰብራል፤ የአውራ ጣት ጥፍር ሲጫኑት ምንም ምልክት የማይቀበል ነገር ለቡችላ አይሰጥም ያሉኝ የእንስሳት ሐኪሙ ናቸው። በትንንሾቹ ዘሮች ዘንድ ደግሞ አሮጌው ክራንቻ ሳይረግፍ አዲሱ ከጎኑ ይበቅላልና፣ በሰባተኛው ወር የቡቺን አንዱን ክራንቻ የነቀሉት እርሳቸው ናቸው።

እኒህን ሐኪም ያወቅሁት በገዛ ጥፋቴ ነው። እናቶች ሕፃን ጡት ሲያስጥሉ እሬት ይቀቡ እንደ ነበር ትዝ ብሎኝ፣ የወንበሩን እግር በእሬት እንዲቀቡት ወይዘሮዋን መክሬ ነበር። ቡቺ ምሬቱን ከቁም ነገር ሳይቈጥር ልሶት ሌሊቱን ሲያስመልስና ሲያስቀምጠው አደረ። የእሬት ወተት ለውሻ መርዝ መሆኑን ያን ጊዜ ነው የተማርሁት፤ ሐኪሙም ሚጥማጣ አስቤ እንደ ነበር ስነግራቸው ዝም ብለው አዩኝ።

ወይዘሮዋ ግን በሌላ ነገር ይሟገቱኝ ነበር። «ጥፋቱንማ ያውቃል፤ ከውጭ ስመጣ አንገቱን ደፍቶ ጆሮውን ጥሎ ይጠብቀኛል» ይሉኛል። እኔም ያን ገጽ አይቼ ንስሐ ነው ብዬ ባመንሁ ነበር፤ ነገር ግን አሌክሳንድራ ሆሮዊትስ የተባለች ተመራማሪ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም. ባሳተመችው ጥናት፣ ያ የጥፋተኛ መልክ የሚመጣው ከበደሉ ሳይሆን ከባለቤቱ ቍጣ መሆኑን፣ እንዲያውም ሳያጠፉ የተገሠጹት ውሾች አብልጠው እንደሚያሳዩት ገልጣለች። ከሰዓታት በፊት የታኘከ እንጨት ፊት ወስዶ መቅጣት፣ ስለዚህ፣ የበርን መከፈት እንዲፈራ ማስተማር ብቻ ነው። ብልሃቱ ጥርሱ እንጨት ላይ ሳለ በዚያችው ቅጽበት፣ ድምፅን ሳያነሡ፣ ቍራሽ ሥጋ ወደ አፍንጫው አቅርቦ አፉን ሲከፍት ጨርቁን ማስያዝና ማመስገን ነው። ለዚህ ደግሞ ዓይን ከእርሱ አይለይም፤ ወይዘሮዋ ሲቀመጡ ቀጭን ገመዱን ከወንበራቸው ያስሩታል፣ መጠበቅ ሲሳናቸው እንጨት በሌለበት ጓዳ ከመጫወቻው ጋር ያቆዩታል። እንጨት ከመላግ ይልቅ ይህ ይከብዳል፤ መላጊያ ሲደክምህ ታስቀምጠዋለህ።

ሁለተኛው፣ በበሩ መቃን ላይ ያለው፣ የብቸኝነት ነው። ቁልፍ አንሥቶ መልሶ መቀመጥ፣ ነጠላ ለብሶ አለመውጣት፣ ወጥቶም ውሻው ሳያላዝን መመለስ፣ ቀስ በቀስም ማራዘም፤ ወይዘሮዋ ይህን ሲደግሙ ሁለት ወር ፈጀባቸው። እኔ መቃኑን አልነካሁትም።

ማዕዘኑ ግን እንቆቅልሽ ሆኖብኝ ቆየ። ስለ ማዕዘኑ ቡቺ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ተገሥጾበታል፤ ጨርቅ ቢሰጡትም ሥጋ ቢያሸቱትም ተመልሶ ጆሮውን ያቆምና እዚያው ይቀመጣል። በመጨረሻ ጣውላውን በመሮ ፈንቅዬ ባነሣው፣ ከኋላው የተቦጫጨቀ ወረቀትና የጤፍ ገለባ የተነጠፈበት የአይጠ መጎጥ ጎጆ አገኘሁ። የቄሱ ውሻ በተወለደበት ግብር ተሰማርቶ ሳለ ሦስት ወር ሙሉ ተገሥጿል። ወይዘሮዋ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ጥቂት ዝም አሉ፤ ኋላም፣ «እኔ ደግሞ በየማታው አፈር ይሸታል እያልሁ አጥበው ነበር» አሉ።

ቀዳዳውን በሲሚንቶና በቆርቆሮ ደፍኜ፣ አዲስ የጽድ ጣውላ ልኬና ቈርጬ መታሁበት። ቡቺ መጥቶ ከዳር እስከ ዳር አሸተተና ደስ እንዳላለው ሆኖ ሄደ። ሚስማሬን ሰብስቤ ቀና ስል የመሮዬን የወይራ እጀታ በአፉ ይዞ ጠረጴዛ ሥር ተጋድሟል፤ ልጮኽበት አፌን ከከፈትሁ በኋላ ዘጋሁትና፣ ኪሴን ብዳብስ ከምሳዬ የተረፈ ዳቦ እንጂ ሥጋ አልነበረኝም። በዳቦ ተስማማን።