ምርምርና ሥልጠና ሲጣመሩ፤ የኒው ዴልሂው ብሔራዊ የኢሚዩኖሎጂ ተቋም ሲመዘን

መግቢያ

የምርምር ተቋምን ለመመዘን የተለመደው መንገድ ያሳተማቸውን ጥናቶችና ያስመረቃቸውን ሊቃውንት መቁጠር ነው። ይህ አሠራር ስሕተት ባይሆንም ለትምህርት ባለሙያ ግማሽ መልስ ብቻ ይሰጣል። ቀሪው ግማሽ፣ በተቋሙ የተገኘው ዕውቀት ወደ ሰፊው ሕዝብ የሚደርስበት መንገድ ተበጅቷል ወይስ አልተበጀም የሚለው ጥያቄ ነው። ይህ ጽሑፍ በሕንድ ርዕሰ ከተማ በኒው ዴልሂ የሚገኘውን ብሔራዊ የኢሚዩኖሎጂ ተቋም በዚሁ ሚዛን ለመመርመር ይሞክራል። ኢሚዩኖሎጂ ማለት ሰውነት በሽታን የሚከላከልበትን ኃይል የሚያጠና የሳይንስ ዘርፍ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተቋሙ አመጣጥ

ተቋሙ ድንገት የተቋቋመ አይደለም። መሠረቱ በ1972 በኒው ዴልሂ የመላው ሕንድ የሕክምና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ውስጥ የተከፈተው የኢሚዩኖሎጂ የምርምርና የሥልጠና ማዕከል ነው። ማዕከሉን የደገፉት የሕንድ የሕክምና ምርምር ምክር ቤትና የዓለም የጤና ድርጅት ሲሆኑ፣ የመሩት የባዮኬሚስትሪው ሊቅ ፕሮፌሰር ጂ. ፒ. ታልዋር ነበሩ። በ1981 ማዕከሉ ራሱን ወደ ቻለ ብሔራዊ ተቋም አደገ። የዶክትሬት ተማሪዎቹ በተቋሙ ቤተ ሙከራዎች እየሠሩ ይማራሉ፤ ዲግሪውን የሚሰጣቸው ግን የጃዋሃርላል ኔህሩ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2023 የሕንድ መንግሥት ተቋሙን ጨምሮ 14 የባዮቴክኖሎጂ ተቋማትን በአንድ ምክር ቤት ሥር አጠቃሏቸዋል።

ከዚህ አመጣጥ ልንገነዘበው የሚገባ አንድ ቁም ነገር አለ። ይኸውም ሥልጠናው ከምርምሩ በኋላ የተቀጠለ ተጨማሪ ሥራ ሳይሆን ከመጀመሪያው ከምርምሩ ጋር አብሮ የተወለደ መሆኑ ነው። ብዙ አገሮች ሕንፃውን ከሠሩና መሣሪያውን ከገዙ በኋላ የሰው ኃይል ፍለጋ ይሄዳሉ። እዚህ ግን ሰው የማፍራቱ ተግባር ቀደመ፤ ተቋሙም በሰዎቹ ላይ ተገነባ። ለዚህ አካሄድ ምስጋና መስጠት ተገቢ ነው።

ከአገር ችግር የተነሣ ምርምር

የተቋሙ ሁለተኛ ብርታት የምርምር ጥያቄዎቹን ከአገሩ ችግር መምረጡ ነው። ከነዚህም አንዱ የሥጋ ደዌ ነው። የዚህን በሽታ ባክቴሪያ ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን በ1873 ቢያገኘውም፣ እስከ ዛሬ በቤተ ሙከራ ብልቃጥ ውስጥ ማራባት አልተቻለም። ስለሆነም ክትባትን ከራሱ ከባክቴሪያው በብዛት ማዘጋጀት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ታልዋርና ባልደረቦቻቸው የሄዱበት መንገድ ብልኀት የተመላ ነበር። በሽታ የማያመጣ፣ በቀላሉ የሚራባና ከሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ጋር የሚመሳሰል ጠባይ ያለው ሌላ ባክቴሪያ ፈልገው አገኙ። ሰውነት ይህን ዘመዱን ሲለይ ያንን ጠላቱን መለየት ይማራል የሚል ሐሳብ ነበራቸው።

ከመድኃኒቱ ጋር ተጨምሮ ሲሰጥ፣ የመከላከል ኃይላቸው ለደዌው ባክቴሪያ በማይነሣሣ ሕሙማን ሰውነት ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ቶሎ እንዲወገድ እንደሚረዳ ታየ። ክትባቱም በ1998 በሕንድ ለአገልግሎት ተፈቀደ። ባክቴሪያው ኋላ በ2009 ማይኮባክቴሪየም ኢንዲከስ ፕራኒ ተብሎ ሲሰየም፣ የመጨረሻው ቃል የታልዋርን ስም «ፕራን»ንና የተቋሙን ምሕፃረ ቃል አጣምሮ ይዟል። ይሁን እንጂ ከሕሙማን ጋር የሚኖሩ ጤነኞችን ከበሽታው የመጠበቅ ኃይሉ ከዓመታት በኋላ እየቀነሰ መሄዱም ተስተውሏል። ይህንንም ሳይሸሽጉ መናገር ለሳይንስ ክብር እንጂ ነውር አይደለም።

ቁጥር የማይናገረው

ጸሐፊው በዋነኛነት ሂስ የሚያቀርበው በሁለተኛው ታላቅ ሥራ ላይ ነው። ተቋሙ እርግዝናን ለጊዜው የሚከላከል ክትባት ለማግኘት ብዙ ዘመን ደክሟል። ሐሳቡ፣ እርግዝና ሲጀምር የሚመነጨውን ሆርሞን ሰውነት ራሱ በሚያመርታቸው አንቲቦዲዎች አማካይነት ሥራ እንዲፈታ ማድረግ ነው። በ1994 የታተመው ውጤት 148 ሴቶችን የሚመለከት ነበር። ከነሱም 119ኙ የሚፈለገውን ያህል አንቲቦዲ አመረቱ። በዚህ መጠን በተጠበቁባቸው 1,224 የወር አበባ ዑደቶች ውስጥ የታየው እርግዝና 1 ብቻ ነው። የአንቲቦዲው መጠን ሲወርድ ደግሞ የመፅነስ ችሎታ እንደሚመለስ ተረጋገጠ።

በሳይንስ ዓይን ይህ ታላቅ ውጤት ነው። ዳሩ ግን ያው ቁጥር ሌላም ነገር ይናገራል። 29 ሴቶች፣ ማለትም ከአምስቱ አንዷ ያህል፣ በቂ አንቲቦዲ አላመረቱም። አንዲት ሴት ከየትኛው ወገን እንደሆነች በስሜት ልታውቅ አትችልም፤ ደሟ መመርመር አለበት። እንክብልን በፈለገች ጊዜ ታቆማለች፤ የክትባቱን ውጤት ግን በፈለገችበት ዕለት ልታቆም አትችልም። ስለሆነም የዘዴው ደኅንነት የሚወሰነው በመርፌው ጥራት ብቻ ሳይሆን፣ የምትከተበው ሴት ጉዳዩን በሚገባ ተረድታ በመፍቀዷና ክትትል በማግኘቷ ጭምር ነው። ይህ ደግሞ ከቤተ ሙከራ ሥራ ይልቅ የማስተማር ሥራ ነው።

በ1993 በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ የሴቶች ጤና ማኅበራት ይህን መሰሉ ምርምር ሁሉ እንዲቆም በኅብረት ጥሪ አሰምተው ነበር። ጥሪው ሳይንሳዊውን ጥቅም አሳንሶ ተመልክቷል ማለት ይቻል ይሆናል። ነገር ግን ሥጋቱ ከንቱ አልነበረም። ሕንድ ከ1975 እስከ 1977 በቆየው የአስቸኳይ ጊዜ አስተዳደር ወቅት ሰዎች በግዴታ እንዲመክኑ የተደረገበትን ዘመቻ ያየች አገር ናት። በዚያ ትዝታ ውስጥ ላለ ሕዝብ «ክትባት» የሚለውን ቃል ለወሊድ ቁጥጥር መጠቀም ራሱ ሰፊ ማስረዳትን የሚጠይቅ ነበር። ክትባት ለሕዝብ ማለት ከበሽታ መዳኛ ነውና፤ እርግዝና ደግሞ በሽታ አይደለም።

የሥልጠናው ጉድለት

ከላይ ከተዘረዘረው የሚወጣው ፍርድ የሚከተለው ነው። ተቋሙ የመረጠው የሥልጠና ዘይቤ፣ ማለትም ሠልጣኙ ከመምህሩ ጎን ቆሞ እውነተኛ ጥያቄ እየመረመረ እንዲማር ማድረግ፣ ተመራማሪ ለማፍራት ተወዳዳሪ የለውም። ጉድለቱ ሥልጠናው ሲታቀድ ተቀባዩ ወገን አለመታሰቡ ነው። አንድ ግኝት ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ከሰው ገላ እስኪደርስ በሐኪሙ፣ በጤና ረዳቱና በመምህሩ እጅ ያልፋል። እነዚህን ያላካተተ የሥልጠና ዕቅድ ድልድዩን እስከ ወንዙ መካከል ሠርቶ እንደመተው ይቆጠራል።

ተቋሙ ይህን ጉድለት ፈጽሞ ዘንግቶታል ለማለት አይደለም። «ሳይንስ ሴቱ» በተባለው መርሐ ግብር ሳይንቲስቶቹ ወደ ቅድመ ምረቃ ኮሌጆች እየሄዱ እንዲያስተምሩ አድርጓል። ሴቱ ማለት ድልድይ ማለት ነው፤ ስሙም ተግባሩም ያስመሰግናል። ሆኖም ይህ ጥረት የመጣው ተቋሙ ከተመሠረተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የሚደርሰውም ለኮሌጅ ተማሪ ነው፤ አብዛኛው ሕዝብ ስለ በሽታና ስለ ጤና የመጀመሪያውን ትምህርት የሚያገኘው ግን ከአንደኛ ደረጃ መምህር ነው።

የአገራችን ድርሻ

ይህ ሂስ በሩቅ አገር ላይ ብቻ ተወርውሮ የሚቀር አይደለም። በአዲስ አበባ ከአለርት ሆስፒታል አጠገብ የሚገኘው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች አማካይነት በ1970 ሥራ ሲጀምር፣ ዋና ዓላማው የሥጋ ደዌን ኢሚዩኖሎጂ ማጥናት ነበር። በ2004ም ወደ ኢትዮጵያ መንግሥት ተላልፏል። በኢንስቲትዩቱ የመጀመሪያ ዓመታት ከመሩት አንዱ ቶሬ ጎዳል ከባልደረባው ጋር በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ ከሕሙማን ጋር ንክኪ ያላቸው ብዙ ጤነኞች ሰውነታቸው ባክቴሪያውን እንደሚያውቀውና እንደተቋቋመው አሳይቷል። በሌላ አነጋገር ባክቴሪያው የደረሰባቸው ብዙዎች ሲሆኑ የሚታመሙት ጥቂቶች ናቸው።

ይህ ዕውቀት የተገኘው እዚሁ፣ በአገራችን ሕዝብ ደም ምርመራ ነው። ይሁንና በመንደሩ «ደዌ ከዘር ነው» የሚለው አባባል ገና አልጠፋም፤ በዚሁ ምክንያት ጋብቻ ይፈርሳል፣ ሕመምተኛው እጁና እግሩ እስኪጎዳ ድረስ ምልክቱን ይደብቃል። የመምህራን ማሠልጠኛ የባዮሎጂ ትምህርት ደግሞ የነጭ የደም ሕዋሳትን ስም በቃል ከማስጠናት አልፎ ይህን ግኝት ማስረጃ አድርጎ ሲያስተምር እምብዛም አይታይም።

ማጠቃለያ

የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ከኒው ዴልሂው ተቋም ሦስት ነገር ሊወስዱ ይችላሉ። አንደኛ፣ ኢሚዩኖሎጂን የስሞች ዝርዝር አድርጎ ከማስተማር ይልቅ ሠልጣኙ ከአካባቢው ጥያቄ ተነሥቶ እንዲመረምር ማድረግ ነው። «ከሕመምተኛ ጋር የሚኖሩ ሁሉ ለምን አይታመሙም?» የሚለው ጥያቄ ብቻ ለአንድ ወር ትምህርት ይበቃል። ሁለተኛ፣ አንድን የምርምር ውጤት ሲያቀርቡ የተሳካለትን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ያልተሳካለትንም ማሳየት ነው። 119ኙን የሚያውቅ ሠልጣኝ 29ኙንም ማወቅ አለበት። ሦስተኛ፣ የሰውን ፈቃድና ክብር የሚመለከተው ትምህርት ከሳይንሱ ጋር በአንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ እንዲሰጥ ማድረግ ነው።

የኒው ዴልሂው ተቋም የሠራው ታላቅ ሥራ ነው፤ የጎደለውም በግልጽ የሚታይ ነው። ጉድለቱን የሚሞላው ሌላ ቤተ ሙከራ አይደለም። የሚሞላው ክትባትን ከነጥቅሙ ከነገደቡ ለወላጆች ማስረዳት የሚችል፣ ሕመምተኛ ልጅ ያላት እናት ስትጠይቀው ከወሬ ይልቅ ማስረጃ የሚመልስ መምህር ነው። ይህን መምህር ማሠልጠን የምርምር ተቋማትም የእኛም የጋራ ኃላፊነት ነው።